ኤችፒ ኮምፒውተር ሊያቆም ነው ወይ? ለጠየቃችሁን ደንበኞቻችን ሁሉ

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስልካችን አላረፈም። በቡሄ ዕለት ጠዋት ሱቁን ልንከፍት ስንመጣ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው አገኘን። አንደኛዋ እናት በሰኔ ለልጃቸው የገዙትን ላፕቶፕ ከነካርቶኑ ታቅፈውት ነበር። "ኤችፒ ተዘጋ አሉኝ፤ እባካችሁ መልሱልኝ" አሉን። ቁጭ አድርገን የነገርናቸውን ነው ዛሬ ለሁላችሁም የምንጽፈው።

ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚሠራው የአሜሪካው ኩባንያ ኤችፒ አልተዘጋም። ላፕቶፕ መሥራትም አላቆመም።

የሆነው እንዲህ ነው። ነሐሴ 12፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ኩባንያው አሜሪካ ላይ መግለጫ አወጣ። የኮምፒውተር ክፍሉን ምን እንደሚያደርገው እያጠናበት ነው። ራሱን የቻለ ኩባንያ ሊያደርገው ይችላል፤ ለሌላ ሊሸጠውም ይችላል። ነገሩ መልክ እስኪይዝ ከ12 እስከ 18 ወር ሊፈጅ ይችላል ተብሏል። በዚያው ቀን ደግሞ ታችፓድ የሚባለውን ታብሌቱንና ዌብኦኤስ በሚባለው የራሱ ማስኬጃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ስልኮቹን እንደሚያቆም ተናገረ። ይሄኛው ጥናት አይደለም፣ ቁርጥ ነው። በዚያ ላይ ኦቶኖሚ የተባለ የእንግሊዝ ሶፍትዌር ኩባንያ በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛ እንደሆነ አስታወቀ። ሦስት ወሬ በአንድ ቀን። እኛ ጋ ሲደርስ ሦስቱ ተደባልቀው "ኤችፒ ተዘጋ" ሆኑ።

"በዓለም ላይ ብዙ ኮምፒውተር የሚሸጥ ኩባንያ እንዴት ይሄን ያስባል?" ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ከጠቅላላ ገቢው ሲሶ ገደማ ያስገባል። ችግሩ ትርፉ ነው። ከ100 ዶላር ሽያጭ የሚተርፈው 6 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። የፕሪንተርና የቀለም ክፍሉ ከዚያ እጥፍ በላይ ያተርፋል። በጥቅምት 2003 ኩባንያውን መምራት የጀመሩት ሊዮ አፖቴከር ደግሞ ከሶፍትዌር ቤት የመጡ ሰው ናቸው። ልባቸው ወደዚያው ነው። ባለአክሲዮኖቹ ግን አልወደዱላቸውም። በማግስቱ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን 20 በመቶ ወረደ። ስለዚህ ሐሳቡ ጨርሶ ሊቀለበስም ይችላል ብለን እናምናለን።

ይሸጣል እንኳ ብንል፣ ከዚህ በፊት ያየነው ነገር አለ። በብዙ ቢሮዎች ያለውን ቲንክፓድ የሚባለውን ጥቁር ላፕቶፕ ታውቁታላችሁ። ድሮ የአሜሪካው ኩባንያ የአይቢኤም ነበር። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲውን (የግል ኮምፒውተሩን) ያወጣው ልክ የዛሬ 30 ዓመት፣ በነሐሴ ወር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የፒሲ ሥራውን ለቻይናው ሌኖቮ ሊሸጥ ተስማማ፤ በ2005 ርክክቡ አለቀ። ያኔም "ቲንክፓድ አበቃለት" ተብሎ ነበር። አላበቃለትም። ከሽያጩ በፊት የተሠሩትንም በኋላ የተሠሩትንም ዛሬ እኛ ጠረጴዛ ላይ እንጠግናቸዋለን። ኪቦርዱም ባትሪውም ይገኛል።

እኛን በእውነት የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሌላ ማርክ ላፕቶፕ እንሸጥ ነበር። አምራቹ ምንም አልሆነም፤ ዛሬም አለ። ዕቃውን የሚያመጣልን አስመጪ ግን ሥራውን ድንገት ተወው። ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ) የሚጠብቁ 11 ማሽኖች እጃችን ላይ ቀሩ። ለአንዳንዶቹ ከዱባይ በሰው አስመጣን፤ ለሌሎቹ ገንዘብ መለስን። ሁለት ደንበኞቻችን ግን ከዚያ ወዲህ ሱቃችን አልመጡም፤ አንፈርድባቸውም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማንኛውንም ማርክ የምናየው በዚህ ዓይን ነው። የኤችፒ ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከካሊፎርኒያ ከሚወሰነው ይልቅ፣ መለዋወጫውን እዚህ ድረስ ማን ያመጣልናል የሚለው ይበልጣል።

ስለዚህ አንዳንድ ነገር ጀምረናል። ከእኛ ለተገዙ ፓቪሊዮንና ፕሮቡክ ለሚባሉ የኤችፒ ላፕቶፕ ሞዴሎች ቻርጀር፣ ባትሪና ኪቦርድ ከወትሮው ጨምረን አዘናል። የሰጠናችሁ የአንድ ዓመት ዋስትና በእኛ ማኅተም የተሰጠ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ቢሸጥም ባይሸጥም አይለወጥም። ከእኛ ውጭ የተገዛ ማሽን ላላችሁ፣ በተለይ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላችሁ፣ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የብዙዎቹ ዋስትና በተገዙበት አገር ነው የሚሠራው። እሱ ዱሮም እንዲሁ ነበር፤ ከሰሞኑ ወሬ ጋር አይገናኝም።

እናንተ ግን አሁን ልታደርጉት የሚገባ አለ። ኤችፒ ላፕቶፕ ሲገዛ የዊንዶውስ ሲዲ አብሮት አይመጣም። ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን የሚያገለግለው ሪከቨሪ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሃርድ ዲስኩ የሞተ ቀን አብሮ ይሞታል። ባዶ ዲቪዲ ይዛችሁ ኑ፣ በነፃ እንገለብጥላችኋለን። ለአብዛኞቹ ሞዴሎች አራት ይበቃል። የማሽናችሁን ድራይቨሮችም (ድምፁን፣ ስክሪኑንና ሌላውን ክፍል የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) በፍላሽ እንሰጣችኋለን። በኢንተርኔት ካፌ ኮኔክሽን ያን ሁሉ ለማውረድ ግማሽ ቀን መቀመጥ የለባችሁም።

ፕሪንተር ያላችሁ አትጨነቁ። የፕሪንተር ክፍሉ በጥናቱ ውስጥ የለበትም፤ ቶነሩ (የፕሪንተር ቀለሙ) እንደወትሮው ይመጣል።

ለመሥሪያ ቤቶች፦ 30 እና 40 ማሽን በጨረታ ልትገዙ ያሰባችሁ ጨረታውን አትሰርዙ። በሰነዱ ላይ ግን አንድ መስመር ጨምሩ። አቅራቢው መለዋወጫ ለሦስት ዓመት እዚሁ አገር ውስጥ እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ይፈርም። እኛንም ጭምር አስፈርሙን። ይሄ ለኤችፒ ብቻ ሳይሆን ለየትኛውም ማርክ ይሠራል።

ብዙ ሰው የጠየቀን ሌላው ነገር ታችፓድ ነው። አሜሪካ 499 ዶላር የነበረው ባለፈው ቅዳሜና እሑድ በ99 ዶላር ተቸበቸበ። "ወንድሜ ይላክልኝ ወይ?" ላላችሁን፦ ዕቃው ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ለማየት፣ ለፎቶና ለቪዲዮ በዚያ ዋጋ አያስቆጭም። አዲስ ፕሮግራም ግን ብዙ አትጠብቁ፤ ቢሰበርም ስክሪን አግኝተን እንቀይርላችኋለን ብለን ቃል አንገባም።

በመጨረሻ አንድ አደራ። ሰሞኑን "ኤችፒ ተዘግቷል" እያሉ ደህና ላፕቶፕ በግማሽ ዋጋ የሚገዙ ሰዎች እንዳሉ ሁለት ደንበኞቻችን ነግረውናል። አንዱ ሸጠው ነው የመጡት። በጣም አዘንን። ለመሸጥ የምታስቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉልን። ትክክለኛ ዋጋውን እንነግራችኋለን፤ ለእኛ ሽጡ አንላችሁም።

በሰኔ ላፕቶፕ የገዙት እናት ዲቪዲዎቻቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመልሰዋል። ልጃቸው በመስከረም ኮሌጅ ይገባል።

ጳጉሜን ዘንድሮ 6 ቀን ናት። እስከ ጳጉሜን 5፣ ቅዳሜ ማታ ድረስ ክፍት ነን። ከዚያ ለበዓል ዘግተን ረቡዕ መስከረም 3 እንከፍታለን። ለዲቪዲው የምትመጡ ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ወረፋው ይቀላችኋል።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

የሱቁና የጥገና ክፍሉ ባልደረቦች