ቀለም ሳይቀባ፦ ለአብሮ አደጌ ስለ አዲሱ ቤቱ ገመዶች

ደሴ፣ ጢጣ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ አብሮ አደጌ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በ2014 ዓ.ም. በዚያ ክፉ ጥቅምት መብራቱም ስልኩም ተቋርጦ በየፊናችን ከተበተንን ወዲህ ድምፅህን ሳልሰማ አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ የቆየሁት እኔ ነኝና ይቅር በለኝ።

ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝ ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ላይ ያገኘሁት ታናሽ ወንድምህ ነው። ኮምቦልቻ የጀመርከው ቤት ልስኑ አልቆ ቀለም ብቻ እንደቀረውና ለመስከረም ከአዲስ አበባ ጠቅልለህ እንደምትመጣ ሲነግረኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከየክፍሉ ግድግዳ ሰማያዊ ገመድ ተንጠልጥሎ እንደሚታይ፣ የትኛው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው እንደሌለና ሠራተኞቹም «የኢንተርኔቱ ነገር ቀለሙ ካለቀ በኋላ ይታያል» እንዳሉ ሲጨምርልኝ ግን ሆዴ ተረበሸ። እኔም አዲሱ ቤቴ ስገባ ይህንኑ ቃል ሰምቼ አምኜ ነበር፤ ከዚያም ግማሽ ዓመት ያህል የተቀባ ግድግዳ ስቦረቡር ኖርኩ። ስለዚህ አደራ የምልህ አንድ ነገር ነው፤ የእያንዳንዱን ገመድ ሁለት ጫፎች ለይተህ ሳታውቅና ሳትጽፍ፣ ሠርቶም ሳታየው፣ ቀለም ቀቢው እጁን አያንሣ።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የመብራትና የኔትወርክ ገመድ በአንድ ሰው እጅ ቢዘረጉም ጠባያቸው አንድ አለመሆኑ ነው። የመብራት መስመር ስካቶላ ለስካቶላ (በግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ ሣጥን ወደ ሣጥን) እየተቀጠለ ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው ቢያልፍ ሥራውን ይሠራል። የኔትወርክ ገመድ ግን ከየክፍሉ ተነሥቶ፣ መሐል ላይ ሳይቀጠልና ሳይከፈል፣ በቀጥታ ወደ አንድ መሰብሰቢያ ቦታ መድረስ አለበት። የእኔን ቤት የሠራው የመብራት ባለሙያ እጁ የተባረከ፣ ሥራውን አክባሪ ሰው ነበር፤ ነገር ግን በለመደው መንገድ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ልጆች ክፍል አንዱን ከሌላው አያይዞ ዘረጋውና ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱ ዝም አሉ። ያንተም እንዲህ ሆኖ ካገኘኸው ግድግዳ ለማፍረስ አትቸኩል፤ ሁለት ገመድ በተገናኘበት በመካከለኛው ሶኬት አጠገብ ባለ አምስት ቀዳዳ ትንሽ የኔትወርክ ስዊች፣ ማለትም አንዱን መስመር ለብዙ የሚያካፍል ሣጥን፣ ብታስቀምጥና ሁለቱንም ጫፎች ለየብቻ እዚያ ላይ ብትሰካ ችግሩ ይፈታል። ስዊቹ መብራት ስለሚፈልግ ግን አጠገቡ ሶኬት መኖሩን አስቀድመህ እይ።

ገመዶቹን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም። የገመዱን ልባስ ወደ ብርሃን አዙረህ ብታነበው ደረጃው፣ ማለትም ካት 5ኢ ወይም ካት 6 መሆኑ፣ ታትሞ ታገኘዋለህ፤ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ በየሜትሩ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር አለ። እኔ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ክፍል ከግድግዳ በወጣው ጫፍ ላይ 112 የሚል አየሁ፤ በመሰብሰቢያው ቦታ ከተንጠለጠሉት ስድስት ጫፎች አንዱ 138 ይል ነበር። የሁለቱ ልዩነት 26 ነው፤ የዚያ ክፍል ርቀትም ወደ 26 ሜትር እንደሚሆን አውቅ ስለነበር ሁለቱ የአንድ ገመድ ጫፎች እንደሆኑ ጠረጠርኩ፤ በተስተር፣ ማለትም ገመድ በሚፈትሽ ባለ ሁለት ቁራጭ ትንሽ መሣሪያ፣ ሲታይም እውነት ሆነ። ታላቋ ልጄ ፎቅ ላይ የተስተሩን ታናሽ ቁራጭ ይዛ «በራ! በራ!» እያለች ስትጮኽ እኔ ታች ሆኜ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ በነጭ ፕላስተር የክፍሉን ስም እየጻፍኩ ለጠፍኩ። ከዚያም በደብተር ላይ የቤቱን ቅርፅ ሥለን የገመዱን መንገድ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርንበት፤ ያ ወረቀት ዛሬ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፋይል ተቀምጧል።

ካት 5ኢ የሚል ጽሑፍ ብታገኝ «አሮጌ ነው፣ ይውጣ» የሚል ሰው አያስደንግጥህ። ካት 5ኢ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ድረስ ያደርሳል፤ ይህም አብዛኞቻችን ለቤታችን ከምንገዛው የኢንተርኔት ፍጥነት በእጅጉ ይበልጣል። መፍራት ያለብህ በውስጡ ያለውን ብረት ነው። በገበያ ላይ ርካሽ ሆነው የሚሸጡ፣ ከላይ መዳብ የተለበጡ ውስጣቸው ግን አሉሚኒየም የሆኑ ገመዶች አሉ፤ አንዱን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርገህ ነጭ ብረት ከታየህ እርሱ ነው። ጥቂት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ረጅም ርቀት ላይም ይደክማል። እንዲህ ያለው ገመድ በቱቦ ውስጥ ካለና ቱቦው ካልተደፈነ አዲሱን ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስረህ አሁኑኑ ስበህ ለውጠው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወዳስቸገረኝ ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ታግሠህ አንብበኝ። መስመሩን ካስተካከልኩ በኋላም የልጆቹ ክፍል ኢንተርኔት አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ተስተሩ ከአንድ እስከ ስምንት ያሉትን መብራቶች በቅደም ተከተል ያበራልኛል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይንቀራፈፋል። መስመሩን ለሰጠን ድርጅት ደጋግሜ ደወልኩ፤ ራውተር ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ የግድግዳውን ሶኬት ፈትቼ ወደ ውስጥ ስመለከት ስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ጥልፍ ክር አምረው ተሰድረዋል፦ ነጭ ብርቱካናማ ከብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ነጭ ቡናማ ከቡናማ። ሌላኛውም ጫፍ በዚሁ መልክ ተሠርቷል። ለዓይን ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ያለው ነገር የለም፤ ችግሩም እርሱ ራሱ ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳህ። በገመዱ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች አራት ጥንዶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥንድ እንደ ሹሩባ የተገመደው ለማማር አይደለም። መልእክቱ የሚጓዘው በጥንዱ ሁለት ሽቦዎች መካከል ባለው የቮልት ልዩነት ስለሆነ፣ ከውጭ የመጣ ረብሻ ተጠምዝዘው የተቃቀፉትን ሁለቱን እኩል ይነካቸዋል፤ ተቀባዩም እኩል የሆነውን አስወግዶ ልዩነቱን ብቻ ያነባል። ነገር ግን መሣሪያዎቹ ጥንድ አድርገው የሚያውቁት አንደኛና ሁለተኛውን፣ ሦስተኛና ስድስተኛውን፣ አራተኛና አምስተኛውን፣ ሰባተኛና ስምንተኛውን ቀዳዳ ነው። ባለሙያዬ ቀለሞቹን በየጥንዳቸው ጎን ለጎን ሲሰድራቸው ሦስተኛው ላይ ነጭ አረንጓዴ፣ ስድስተኛው ላይ ሰማያዊ ዋለ፤ ማለትም ያልተጋቡ ሽቦዎች እንደ ባልና ሚስት ተቆጠሩ። አራተኛውና አምስተኛውም እንዲሁ። ርካሹ ተስተር የሚጠይቀው «ይህ ሽቦ እዚያ ደርሷል ወይ?» ብቻ ስለሆነ ሁሉንም አበራልኝ፤ ማን ከማን ጋር እንደተገመደ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ሠራተኛው ልብ ላይ አትተወው፤ ወረቀት ላይ ጽፈህ ስጠው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ብርቱካናማውና አረንጓዴው ቦታ የሚለዋወጡበት ሌላ የታወቀ አሠራርም አለ፤ ማንኛውንም ብትመርጥ በቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ጥንዱ የሚፈታውም ከ13 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ርዝመት ነው፤ ለሥራ ይመቸኛል ብሎ አንድ ስንዝር የሚፈታ ሠራተኛ ካየህ አስቁመው። እንዲሁም አራት ሽቦ ብቻ አገናኝቶ የቀረውን ወደ ኋላ የሚያጥፍ አለ፤ ያ መስመር ይሠራል፣ ነገር ግን በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም፤ ለጊጋቢት አራቱም ጥንዶች ያስፈልጋሉ።

ገመዱ ከ220 ቮልት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ይህ የፍጥነት ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነውና ሳትውል ሳታድር አስለየው።

«ዋይፋይ ካለ ገመድ ለምኔ?» እንዳትል። የኮምቦልቻው ቤትህ ባለ አንድ ፎቅ እንደሆነ ወንድምህ ነግሮኛል፤ በምድር ቤቱና በፎቁ መካከል ያለው ሶሌታ ፌሮና ኮንክሪት ነው፣ ግድግዳውም ብሎኬት ነው። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም እንዲህ ያለውን አልፎ ሲወጣ ይደክማል፤ የ2.4 ጊጋኸርዙ የተሻለ ዘልቆ ይገባል፣ ፍጥነቱ ግን ያነሰ ነው። መፍትሔው ከምድር ቤት ወደ ፎቁ ኮሪደር አንድ ገመድ መኖሩን አረጋግጠህ እዚያ አክሰስ ፖይንት (በገመድ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሠራጭ መሣሪያ) መስቀል ነው። ጥሩ ዋይፋይ ያለው ቤት ሁሉ በግድግዳው ውስጥ ጥሩ ገመድ አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በግቢው ጀርባ ሰርቪስ ቤት ካለህና ወደዚያም መስመር ልታሻግር ካሰብክ ግን የመዳብ ገመድ በአየር ላይ አትዘርጋ። የክረምቱን መብረቅ አንተም ታውቀዋለህ። አምና ሐምሌ ከጦሳ ተራራ በኩል የመጣ መብረቅ ግቢያችን አጠገብ ሲወርድ፣ ወደ ሰርቪስ ቤት በዘረጋሁት ገመድ በኩል ገብቶ ስዊቹንና የልጄን ኮምፒውተር አቃጠለብኝ፤ ሰው አለመነካቱ የፈጣሪ ቸርነት ነው። አሁን በመካከሉ በመሬት ውስጥ ብረት የሌለበት የፋይበር ገመድ አሳልፌያለሁ፤ ውስጡ የመስተዋት ክር ነው፤ መስተዋት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በዚያ በኩል የሚመጣ አደጋ የለም።

መሰብሰቢያ ቦታውን ከደረጃው ሥር እንዳታደርገው እፈራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚመርጠው ያንን ነው። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አጠገብም አይሁን። አየር የሚያገኝ፣ ደረቅ፣ ቢያንስ ሁለት ሶኬት ያለው፣ ከመንገድ የሚመጣው የፋይበር ገመድም ሳይሰባበር የሚደርስበት ማዕዘን ምረጥ። ፋይበሩን እንደ ሲባጎ አጣጥፈው እንዳያስሩት ንገራቸው፤ ጫፉንም ጣት አይንካው፣ ማንም አጮልቆ አይመልከተው፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ለዓይን ባይታይም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ እንዳይቋረጥ፣ የፋይበሩ ሣጥንና ራውተሩ ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ትንሽ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ይበቃቸዋል፤ ከመግዛትህ በፊት ግን በእያንዳንዱ ጀርባ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አስተያይ።

ይህን ሁሉ ስጽፍልህ እንዳይከብድህ፤ አብሽር፣ ብቻህን አትሠራውም። ከጳጉሜን በፊት ባለው ቅዳሜ በጧት ተነሥቼ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ተስተሩን፣ መቆንጠጫውን፣ አንድ ከረጢት ኮኔክተርና ያችን «በራ! በራ!» እያለች የጮኸችልኝን ልጄን ይዤ እመጣለሁ፤ ለወንድምህ ቁልፉን እንዲሰጠኝ ንገረው። እስከዚያ ድረስ ቀለም ቀቢዎቹ የገመዶቹን ጫፍ እንዳይቆርጡብህ፣ ከየግድግዳው የወጣውን ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል አስቀርተው በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ስካቶላው ውስጥ ይመልሱልኝ።

እናትህን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ።

አብሮ አደግህ