የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ራጅ፣ ጨረራ እና ሚሊሲቨርት

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ርዕስ ላይ ነው፤ በሕክምና ምርመራ ውስጥ ስላለው ጨረራ። መነሻው የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነበር። እጇ ተሰብሮ ራጅ ተነስታለች። «መምህር፣ ጨረሩ ሰውነቴ ውስጥ ይቀራል እንዴ?» አለች። ግማሹ ክፍል «አዎ» ሲል የቀረው ዝም አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የያዙትን ትቶ እሱን መከተል ነው።

መልሱ አጭር ነው፤ አይቀርም። የራጅ ጨረር የብርሃን ዘመድ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲያልፍ ግን ሰውነት ውስጥ ጥቂት ኢነርጂ ጥሎ ይሄዳል። የሚለካውም ይኸው ነው። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክፍል አንድ ጁል ኢነርጂ ከተቀበለ መጠኑ አንድ ግሬይ ይባላል። ነገር ግን ሳንባ ላይ ያረፈና ቆዳ ላይ ያረፈ ጨረራ ስጋታቸው እኩል አይደለም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለየአካሉ ክብደት ሰጥቷል። ለሳንባ 0.12፣ ለታይሮይድ 0.04፣ ለቆዳ 0.01። ይህ ሁሉ ተሰልቶ ሲደመር በሲቨርት ይነገራል። ሲቨርት ለምርመራ በጣም ትልቅ ስለሆነ የምንጠቀመው ሺህኛውን፣ ሚሊሲቨርትን ነው።

ተማሪዎቹ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ለጠፉ። የአንድ ጥርስ ራጅ 0.005፣ የደረት ራጅ 0.1፣ የጭንቅላት ሲቲ ስካን (ከብዙ አቅጣጫ በራጅ እያነሳ ውስጡን በቁራጭ በቁራጭ የሚያሳይ ምርመራ) 2፣ የሆድ ሲቲ ስካን 8 ሚሊሲቨርት ገደማ። እንደ ማሽኑና እንደ ሰውየው ውፍረት ከፍና ዝቅ ይላል። ከሥር ደግሞ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚደርሰንን ጻፉ፤ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4። ሒሳቡን ሲሠሩት የደረት ራጅ የሁለት ሳምንት ያህል የተፈጥሮ ጨረራ ሆነ፤ የሆድ ሲቲ ስካን ግን ከሦስት ዓመት በላይ። «ራጅ» እና «ሲቲ» እያልን በአንድ ከረጢት የምንከታቸው ነገሮች ይህን ያህል እንደሚራራቁ ማንም አልጠበቀም ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት የአምፖሉን ሙከራ ነው። ከጨረራ ራስን የመጠበቂያ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ጊዜን ማሳጠር፣ መራቅ፣ መከለል። መራቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአምፖልና በስልክ የብርሃን መለኪያ ፈተሽነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ አንድ ዘጠነኛ መሆን አለበት። በአንድ ሜትር 92 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ አሃድ) አነበብን። በሁለት ሜትር 23 ስንጠብቅ 32 መጣ። በሦስት ሜትር 21። ልጆቹ ተናደዱ፤ «ሕጉ አይሠራም» ያለም ነበር። አንዱ ተነስቶ «እስቲ አምፖሉን አጥፉት» አለ። ስልኩ ግን 12 ማንበቡን ቀጠለ፤ በመጋረጃው ጠርዝ የሚገባ የቀን ብርሃን ነበር። 12ን ከሁሉም ቀነስን። 80፣ 20፣ 9። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ!

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሆስፒታል የጨረራ መለኪያም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሠራተኞቹ የወሰዱትን ጨረራ ከሚመዘግቡት ትንንሽ መለኪያዎች፣ ከዶዚሜትሮቹ ጋር አንድ ማንም የማያደርገው ዶዚሜትር ከማሽኑ ርቆ ይቀመጣል። እሱ የያዘው የተፈጥሮ ጨረራ ከሌሎቹ ይቀነሳል። ያኔ ሠራተኛው ከሥራው ያገኘው መጠን ይለያል።

ዶዚሜትሩን በዓይናችን ያየነው አንዲት የራጅ ባለሙያ ክበባችንን ሲጎበኙ ነው። ደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ውስጡ የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል አለው። ክሪስታሉ ከጨረሩ ያገኘውን ኢነርጂ ይዞ ይቆያል፤ ሲሞቅ በብርሃን መልክ ይለቀዋል። ብርሃኑ ተለክቶ መጠኑ ይታወቃል። ብዙዎቹ ልጆች መሣሪያው ጨረር የሚመልስ መስሏቸው ነበር። ቴርሞሜትር ትኩሳት እንደማያወርድ ሁሉ ዶዚሜትርም ጨረር አይመልስም፤ ይመዘግባል እንጂ። የሚከልለው እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት የተሠራው ሽርጥና እርሳስ ያለበት መስታወት ነው። ባለሙያዋ የነገሩን ሌላው ነገር፣ ክፍሉ ውስጥ ለሚቆም ሠራተኛ ዋናው የጨረር ምንጭ ከታካሚው ሰውነት ተበትኖ የሚመለሰው መሆኑ ነው። ለዚህ ነው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ዋጋ ያለው።

ስለ ገደቡ ሲነሳ ክርክሩ ጦፈ። ኮሚሽኑ ለሠራተኛ ያስቀመጠው የአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 እንዳይበልጥ። ለሕዝብ በዓመት 1። ለታካሚ ግን ገደብ የለም። «ታዲያ ታማሚው ተረሳ ማለት ነው?» ያለችው ልጅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። አልተረሳም። ገደብ ቢኖር ሕይወቱን የሚያተርፍ ምርመራ በቁጥር ምክንያት ሊከለከል ነው። በገደብ ፈንታ ሁለት ግዴታዎች አሉ፤ ምርመራው በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ይመዘናል፣ ካስፈለገ ደግሞ ጥሩ ምስል በሚያስገኝ ዝቅተኛ መጠን ይነሳል። በተለይ ሕፃናት ላይ ማሽኑ በአዋቂ መጠን ተስተካክሎ መነሳት የለበትም። በዚህ ጉዳይ ችላ ማለት አይገባም።

የታሪክ ንግግር ያቀረበው ተማሪም መመስገን አለበት። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን ራጅን እ.ኤ.አ. በ1895 ባገኘ ጊዜ አደጋውን የሚያውቅ አልነበረም። የአሜሪካዊው የፈጠራ ሰው የኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ በሥራው ብዙ ጨረር ወስዶ እጆቹን አጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። የጨረራ መከላከያ ኮሚሽኑ የተመሠረተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ንግግሩ ሲያልቅ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ክበቡ ለተማሪዎችና ለወላጆች አንድ ወረቀት አዘጋጅቷል። ሐኪም ራጅ ወይም ሲቲ ሲያዝ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉበት። ምርመራው ምን ለማወቅ ነው? ከዚህ በፊት የተነሳሁት ምስል ይበቃ ይሆን? በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ማየት ይቻላል? እርጉዝ የሆነች ወይም ልሆን እችላለሁ የምትል ሴት አስቀድማ ትናገር። ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለ ግን በፍርሃት መቅረት አይገባም። ይህን መስመር በደማቁ ያስጻፉት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው።

ለሚቀጥለው ዓመት ክበቡ የመረጠው አልትራሳውንድና ኤምአርአይን ነው። ሁለቱም የራጅ ጨረር አይጠቀሙም። መመዝገብ የምትፈልጉ የክበቡን ጸሐፊ አነጋግሩ፤ የፊዚክስ ውጤት አንጠይቅም።