ሁሉም «ገመድ» አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ፈረስ ጉግስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር፤ ግን ልጓሙ «የፈረሱ ገመድ»፣ እርካቡ ደግሞ «የእግር ማስገቢያ» ተብሎ ሳነብ በጣም ቅር አለኝ። እርካብን የመሰለ ቃል እያለን! የድሮው እርካብ እኮ ባዶ እግሩን የሚጋልብ ሰው አውራ ጣቱን ብቻ የሚሰካበት ትንሽ ቀለበት ነበር።

ገበሬው ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሞፈርና ቀንበርን የሚያያይዘው ጠፍር ምራን ነው። በበሬው አንገት ግራና ቀኝ ከቀንበሩ የሚወርዱት እንጨቶች ማነቆ ይባላሉ። ወገል አለ፣ ሞፈሩንና ድግሩን አያይዞ የሚይዝ ብረት ነው። የአህያ ጭነት የሚታሰርበት ረጅሙ ጠፍር ደግሞ መጫኛ።

እኔ ያደግኩት ጠፍር አልጋ ላይ ነው። ሲላላ አባቴ ቆዳውን በውሃ አርሶ፣ በጉልበቱ ተደግፎ እንደገና ሲወጥረው አሁንም ይታየኛል። ዛሬ «ሌባው ተጠፍሮ ታሰረ» ብላችሁ ስትጽፉ ቃሉ ከዚያው ቆዳ የመጣ መሆኑን ስንቱ ወጣት ያውቃል?

እባካችሁ፣ ዘጋቢዎቻችሁ ገጠር ሲወጡ የዕቃውን ስም ከባለቤቱ ጠይቀው ይጻፉ። ቦታ ካላችሁም በሥዕል አውጡልን፣ ልጆቼን ላሳያቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን