ዝናብ የተሣለበት ማራገቢያ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ደግሞ ሥዕል ለማየት ይከፈላል?» ብለሽ ስትስቂብኝ ነበር። ይከፈላል። ያየሁትን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

እዚህ ቦስተን፣ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ውስጥ፣ ድሮ ማራገቢያ የነበረ የቻይና ሥዕል አለ። የከሰሏን ማራገቢያ እንዳታስቢ። ክብ ሐር ነው፤ ተወጥሮ እጀታ የሚደረግለት። ስፋቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። የሣለው ሺያ ጉዪ ይባላል፤ ጊዜው በፈረንጆች 1190 ገደማ። አንቺ የምትሳለሚያቸውን አብያተ ክርስቲያናት ያሳነጸው ቅዱስ ላሊበላ የነገሠበት ዘመን መሆኑ ነው!

ዛፎቹን ነፋስ አጉብጧቸዋል። አንዲት ጀልባ ሸራዋን ወጥራ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ባዶ ሐር ነው። «ቀለም አልቆበት ነው?» እንደምትይ አውቃለሁ። ሆን ብሎ ነው የተወው። ጉሙም፣ ውሃውም፣ ሰማዩም ያው ያልተነካ ሐር ነው። በዚህ የተነሳ «ባለ ግማሹ ሺያ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል።

ደግሞ ሐር ላይ መሣል ቀልድ አይደለም። ቀድሞ ስስ ሙጫ ካልተቀባ ቀለሙን ይጠጣዋል። አንዴ ብሩሽ ካረፈበት ደግሞ መደለዝ የለም።

ሺያ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር። በ1127 የሰሜኑ ዋና ከተማ በጠላት ተይዞ ነገሥታቱ ተማረኩ፤ ያመለጠው ልዑል ነግሦ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ በኋላም ሃንግዡ የምትባል ከተማ ከተመ። ሐይቅና ጉም የማያጣው አገር ነው፤ በጋው ግን ወበቁ አይቻልም። እኔ የሚመስለኝ፣ ሰውየው ዝናቡን ማራገቢያ ላይ የሣለው ተንኮለኛ ቢሆን ነው። በላብ የተጠመቀ ሰው ዝናብ እያየ ሲራገብ ይታይሽ!

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ማራገቢያዎች በእጅ ብዛት አልቀዋል። የተረፉትን የሥዕል ወዳጆች ከእጀታቸው ፈትተው አልበም ላይ ስለለጠፏቸው ነው የተረፉት። አንዳንዶቹ ላይ እጀታው ያለፈበት መስመር መሃላቸው ላይ እስካሁን ይታያል። ከሥዕሉ እኩል የገረመኝ እሱ ነው። የሆነ ሰው ይዞት ተራግቧል ማለት እኮ ነው።

ሐር ብርሃን ስለሚጎዳው ሁልጊዜ አይሰቀልም፤ አሳይተው መልሰው ያስቀምጡታል። ስትመጪ ላናገኘው እንችላለን። ፎቶውን በቴሌግራም ልኬዋለሁ፤ የልጅ ልጅሽ አጉልታ ታሳይሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ጥልፍ ስትጠልፊ ኖረሻልና ሥዕሉን ትተሽ ሽመናውን እንደምታዪ አልጠራጠርም። እንዴት እንዳገኘሽው እሁድ ስደውል ንገሪኝ።

የግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፣ አደራ።

ልጅሽ