ስለ ዋንዛው ጣውላ ልጠይቅሽ

አንቺዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ሰውዬሽስ ደህና ነው? እኛ ክብር ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ሳልደውል መክረሜን አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ። ኔትወርኩም፣ ኑሮውም፣ ያው የምታውቂው ነው። አንቺም ብትሆኚ አልደወልሽም፤ እኩል ነን ብለን እንለፈው። የዚያን ቀኑን ነገር አላነሳም። አንቺም እንዳታነሺው።

የጻፍኩልሽ ጉዳይ ስላለኝ ነው። ትስቂብኛለሽ። ጠረጴዛ እየሠራሁ ነው።

አዎ፣ እኔ። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ጥልፌን አንቺ ትጨርሽልኝ የነበርኩት ሴትዮ። አሁን መጋዝ ይዤ ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ ብታዪኝ! ጎረቤቱ በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ ነው የሚያየኝ። አንዱ «ድንኳን ልትተክሉ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አንዷ ደግሞ ለእማዬ «ልጅሽን ቁስቋም ጠበል ውሰጃት» ብላታለች አሉ።

ነገሩ የእማዬ ነው። ጉልበቷ እምቢ ብሏል። ጠዋት ጓሮዋን ሳትነካካ ቡና እንደማይጥማት ታውቂያለሽ። ጤና አዳሙን ራሷ ካልቀጠፈችው ስኒዋ ውስጥ አይገባም። አሁን ካጎነበሰች የሚያነሳት ሰው ትፈልጋለች። እኔ ልቅጠፍልሽ ስላት «አንቺ ከነሥሩ ነው የምትነቅይው» ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም። እናም እሷ ወደ መደቡ መውረድ ካልቻለች መደቡ ወደ እሷ ይውጣ አልኩ። መሐሉ ላይ አፈር ያለበት ጠረጴዛ፣ ደጅ የሚቀመጥ። ዙሪያውን ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን፤ እሷ ከወንበሯ ሳትነሳ እጇን ዘርግታ ትቀጥፋለች።

ስፋቱ 1 ሜትር ነው። ከመሐሉ 30 ሳንቲ ሜትር ለአፈሩ ይሄዳል። ግራና ቀኝ 35፣ 35 ይተርፋል፤ ለሳህንና ለስኒ ይበቃል። ረከቦቱ ከጫፍ፣ አፈር በሌለበት በኩል ይቀመጣል። ከፍታው 75። አፈሩን እንጨት ውስጥ በቀጥታ አላፈስም። እርጥብ አፈር አብሮት የዋለ እንጨት መበስበሱ አይቀርም። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሦስት አገኘሁ። በጎናቸው አጋደምኳቸውና የላይኛውን ጎን ቆርጬ አነሳሁት። ሥራቸውን በጋለ ሚስማር በሳሳሁት። መጀመሪያ ጠጠር፣ ከዚያ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር። ጠረጴዛው መሐል ባለው ክፍተት ቁጭ ይላሉ፤ ሲያሻኝ አወጣቸዋለሁ።

ወንድሜ «ምን ያደክምሻል፣ አፈሩን እዚያው ድፊው» አለኝ። የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር አስታወስኩት። የግንቡን አጥር ያቀፈውን የዛፍ ሥር። የድንጋይ ግንብ ያልመለሰው ሥር ለጣውላ ይመለሳል? ዝም አለ።

ጀሪካኖቹ ሦስት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ተክሎቹ አይስማሙም። በሶብላ ውሃ ይወዳል። ጤና አዳምና ጦስኝ ግን ውሃ ከበዛባቸው ሥራቸው ይበሰብሳል። አንድ ገንዳ ውስጥ ባደርጋቸው አንዱን ሳጠጣ ሌላውን መግደሌ ነው። ጤና አዳሙን መሐል ላይ፣ ክንድ እንደልብ በማይደርስበት ነው የማደርገው። ፀሐይ ላይ ሆኖ ቅጠሉ ክንድ ካሻሸ ቆዳ ይቆጣል፣ ውሃ እስከ መቋጠር ይደርሳል። ለመቅጠፍ ግን እማዬ ትደርስበታለች፣ እጇ ረጅም ነው፤ በልጅነታችን በቁንጥጫዋ ታውቂዋለሽ። እሷማ «ጌሾም ይግባልኝ» ብላ ነበር። ጌሾ ጠረጴዛ ላይ! ኮሰረትም አምሯታል። ሁለቱም ቁጥቋጦ ስለሆኑ ከአጥሩ ሥር ይሁኑ ብያለሁ። አኩርፋለች።

ክብደቱን ስትሰሚ ትደነግጫለሽ። እርጥብ አፈር ሊትሩ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ሦስቱ ጀሪካን 45 ሊትር ቢይዙ 70 ኪሎ ሊጠጋ ነው። አንድ ጎልማሳ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ በይው። ስለዚህ ከሥር ሁለት ሞራሌ ከእግር እስከ እግር አጋድሜያለሁ። ሸክሙ በእነሱ በኩል ወደ እግሮቹ ይሄዳል እንጂ ጣውላው ላይ አያርፍም። እግሮቹ ከፈረሰ አጥር ያወጣኋቸው ጽድ ናቸው። ጽድን ምስጥ እንደልቡ አይደፍረውም። ያም ሆኖ መሬት አላስነካኋቸውም፤ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሰኔ ሲገባ ግቢያችን ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

አግዳሚ ወንበሩ ከጠረጴዛው ጋር አልተያያዘም። መናፈሻ ውስጥ እንደሚታየው አንድ ላይ የተሠራ ያምራል፤ ግን ለመቀመጥ እግር አንስቶ መሻገር አለ። እማዬ ይህን አትችልም።

ቅባቱ ላይ ጭቅጭቅ ነው። ጎረቤታችን ያለው አናጢ «የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቢው፣ ምስጥ ዝር አይልም» አለኝ። እማዬ ለቡናዋ የምትቀጥፈው ቅጠል አጠገብ? አልሞክረውም። ቫርኒሽ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ያለው የጎንደር ፀሐይ ይልጠዋል። እኔ የተልባ ዘይት ነው የምቀባው። ስስ አድርጌ፣ ሲደርቅ ደግሞ እየደገምኩ። የቀባሁበትን ጨርቅ ጠቅልዬ አልጥለውም፣ ዘርግቼ ነው የማደርቀው። ያ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ጠረጴዛ ልትሠራ ቤት አቃጠለች እንዳይሉኝ።

እንግዲህ እግሩም አለ፣ መሐሉም አለ። የቀረው ፊቱ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጥልሽ ባሕር ዛፍ እርጥቡን ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እዚሁ እኛ ጓዳ ውስጥ ግን፣ ከጎታው ጀርባ፣ አራት የዋንዛ ጣውላዎች አሉ።

ወዴት እንደምሄድ ገባሽ አይደል? ወሬውን እስከዚህ ድረስ ያስረዘምኩት ይህችን መስመር ፈርቼ ነው።

ቤታችሁን ለተከራዮቹ ስታስረክቡ አምጥተሽ «ይቆይልኝ» አልሽ። እስከ መቼ፣ ለምን፣ አላልሽም። እኔም አልጠየቅኩም። ትናንት አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩት። ደርቋል። ቀጥ እንዳለ ነው፣ አንዱም አልተጣመመም። ዋንዛ አይደል! በአንደኛው ጀርባ ላይ የጋሼ ጽሑፍ አለ፣ ከጆሮው ጀርባ በማይለየው በዚያ ቀይ እርሳስ። «190» ይላል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የዘጠኟ ጭራ እስከ ሆዷ ትታጠፋለች። እሱ ብቻ ነበር እንዲያ የሚጽፋት። ሜትር አምጥቼ አራቱንም ለካሁ። ሁሉም ልክ 190 ናቸው። ቆርጦ ጨርሷቸው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

190 የአልጋ ርዝመት ነው። የማን አልጋ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። አንቺ ግን ቸኮልሽ፤ ያንን ራስጌው ቆዳ የለበሰ ግዙፍ አልጋ ከአዲስ አበባ ገዝተሽ ተገላገልሽ። (ላበሽቅሽ ብዬ ነው። አልጋው ደህና ነው። ተኝቼበት ወገቤን ያመመኝ ከእርጅና ይሆናል።)

ብትፈቅጂልኝ… ካልፈቀድሽም አልቀየምሽም። ትንሽ እቀየማለሁ፣ ግን ያልፍልኛል። ርዝመቱን 1 ሜትር ከ80 ነበር ያሰብኩት። አሁን 1 ሜትር ከ90 አድርጌዋለሁ። ከጋሼ ጣውላ ቅንጣት አይቆረጥም። የምበሳው ለብሎን ብቻ ነው። ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ይሆናሉ። በመሐላቸው እርሳስ አስገብቼ የእሷን ውፍረት ያህል ክፍተት እተዋለሁ፤ ዝናቡ ይወርድበታል፣ እንጨቱም ክረምት ላይ ሲያብጥ መፈናፈኛ ያገኛል። ጽሑፉ ያለበትን ጎን መላጊያ አላስነካውም። ወደ ታች ላድርገው ወይስ ወደ ላይ? እሱን አንቺ ወስኚ።

እማዬ የምጽፈው ላንቺ መሆኑን ስታውቅ «አደራ ነው፣ ሳትጠይቂ ጫፉን እንዳትነኪ» አለችኝ። እኔም ይሄው እየጠየቅኩሽ ነው። ጓዳ ውስጥ አቧራ ከሚጠጣ ቡና ቢፈላበት ጋሼም… ተይው። እሱ ምን ይል እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለጥምቀት ትመጪያለሽ ይላሉ። የነገረችኝ እህትሽ ናት፤ አንቺማ ምን ብለሽ! ከመጣሽ የከተራ ዕለት እኛ ጋ እደሪ። ሆቴል ብትይዢ እማዬ በቁሟ ትረግምሻለች።

ሌላው ጉዳይ ብሎን ነው። ጣውላውን ፈቀድሽም ከለከልሽም እሱን ላኪልኝ። በእጄ ያለው ተራው ነው፤ ዝናብ ሲያገኘው ይዝግና እንጨቱን ያጠቁረዋል። መርካቶ ጎራ በይና የማይዝገውን፣ ርዝመቱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ በካቻቪቴ የሚጠብቀውን 30 ፍሬ ግዢልኝ። ሲሰጡሽ ማግኔት አስጠግተሽ እዪው፤ ሙጭጭ ብሎ ከያዘው ተራ ብረት ሳይሆን አይቀርምና መልሽው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ስጪው፣ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ዋጋውን ንገሪኝና በቴሌብር እልክልሻለሁ። «ተይው» ብትዪኝ ግን ብሎኑን አልቀበልም።

ያንቺው