ለቅሶ ሳይኖር ድንኳን ለተከላችሁልን

ለሽሮ ሜዳና ለአካባቢው ነዋሪዎች፣ ለተማሪ ወላጆች፣ ለእድሮቻችን፣ በያላችሁበት ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፦

ይህን የምስጋና መልእክት የምጽፈው በትምህርት ቤታችን የወላጅ መምህር ህብረት ስም ነው። የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ስብሰባው ላይ "አንቺ ጻፊው፣ ወሬ ማስረዘም ትችያለሽ" ብለው ሰጡኝ። እንግዲህ ቻሉኝ።

እንጦጦ ስር የሚኖር ሰው የበልግን ዝናብ ያውቀዋል። ፀሐይ ስታቃጥል ትውልና ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከተራራው ጥቁር ደመና ይወርዳል። በዚያ የሚያዝያ እሁድ ግን ከዝናቡ ነፋሱ ቀደመ። የሦስት ክፍሎች ጣሪያ ተገንጥሎ ሜዳው ላይ ተበተነ። ከኋላው በረዶው ተከተለ። እሁድ መሆኑ በጀን። ሰኞ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ግን አልጨርሰውም፣ እስካሁን ሌሊት እየተነሳ ያባንነኛል።

በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበሩት ጥበቃችን ብቻ ናቸው። ስደርስ ከዘበኛ ቤቷ ውጭ፣ በረዶው ላይ ቆመዋል። "ጋሼ፣ ምነው አይገቡም?" ብላቸው "ቦታ የለማ!" አሉኝ። በሩን ስከፍት ቤቷ እስከ ጣሪያዋ በመጻሕፍት ተሞልታለች። የሦስቱንም ክፍል መማሪያ መጻሕፍት በሸክም አመላልሰው፣ ጋቢያቸውን አልብሰው፣ እሳቸው ደጅ ቀርተዋል። ጋሼ፣ ስሜ እንዳይጻፍ ስላሉ አልጻፍኩም። ጋቢው ግን ታጥቦ መጥቷል።

ሰኞ ጠዋት የምገባ እናቶች እንደወትሮው ገና ሳይነጋ ደረሱ። ልጆቹ ቁርሳቸውን በሰዓቱ በሉ። ጣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ያ ትኩስ ሻይ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በኋላ ሥራው ሲጀመር ሠራተኞቹን ያበሉትም እነሱ ናቸው። ከየቤታቸው አዋጥተው ነው። ከልጆቹ ምግብ አንድ ጭልፋ አልተነካም፤ ይህ እንዲጻፍ አጥብቀው አሳስበውኛል።

የሚመለከተውን ክፍል ጠየቅን። የበጀት ዓመቱ እያለቀ ስለሆነ ሐምሌ ላይ እንድንመለስ ተነገረን። ሐምሌ ደግሞ ትምህርት የሚዘጋበት ነው። የስድስተኛ ክፍል ልጆቻችን ሰኔ ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና ነበረባቸው። ነገሩን እዚህ ላይ ልተወው፣ ምስጋና ላይ ቂም አይጨመርም።

ስድስተኛዎቹን ላይብረሪ ውስጥ አስገባን። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሜዳ ላይ ቀሩ። ያኔ ነው የእድሩ ሊቀመንበር ሳይጠሩ የመጡት። ዙሪያውን አዩና "ድንኳን አለን፣ አግዳሚ አለን፣ ሰው እስኪሞት ምን ይሠራል?" አሉ። ከሰዓት በፊት ተተከለ። ሁለቱን ክፍሎች በጥቁር ሰሌዳ ለያየናቸው። የኔ ልጆች አማርኛ ሲያነቡ ከሰሌዳው ማዶ "ሰባት ጊዜ ስምንት" ይጮኻል። ያም ሆኖ ተማርን።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ድንኳኑን ከመንገድ አይተው ነው። አንገታቸውን ደፍተው "እግዜር ያጥናችሁ" አሉ። ሃምሳ አራት ልጆች ብድግ ብለው "እንደምን አደሩ!" ብለው መለሱ። እማማ ደነገጡ። "ማነው የሞተብን?" ሲሉ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ቆፍጠን ብሎ "ጣሪያው!" አላቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥሎ እኔም እሳቸውም ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። ሲወጡ ለለቅሶው ይዘውት የመጡትን መቶ ብር ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ደረሰኝ ልቁረጥ ብል እሺ አላሉም። የመጀመሪያው መዋጮ ያ ነው።

በማግስቱ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በየሰፈሩ ዞረ። ሰው እየተደናገጠ ወጣ። የሞተ እንደሌለ ሲያውቅ ደስ ብሎት ነው መሰለኝ ኪሱን አላጠበቀም። የሸማኔዎቹ ሰፈር በአንድ ቀን ያመጣው ብቻ የእንጨቱን ወጪ ሸፈነ። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ የቀድሞ ተማሪያችን በቴሌግራም ድምጿን ላከችልን፦ "እኔ መስኮቱ ስር ነበር የምቀመጠው፣ ያኔም ያንጠባጥብ ነበር፣ አሁን በደንብ አድርጋችሁ ሥሩት።" ብሩ ከድምጿ ቀድሞ ነው የገባው።

በደንብ ያሠራን አንድ አናጺ አባት ነው። ሌላው ሁሉ ነፋሱን ሲራገም እሱ የወደቀውን እንጨት እየገለበጠ አየ። ነፋስ ጣሪያ የሚወስደው ከላይ ተጭኖ ሳይሆን ከሥር ገብቶ አንስቶ እንደሆነ ያስረዳን እሱ ነው። የድሮው ምስማር ተራርቆ ነው የተመታው፣ ጎማም የለውም፣ እንጨቱም በስብሷል። ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ርካሽ ነው ስንለው "ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚወፍረው፣ 28 ይሁን" ብሎ ሙጭጭ አለ። አሁን እንጨቱ ከግድግዳው ጋር በብረት ሽቦ ታስሯል። የእጁን ዋጋ አልተቀበለም። ልጁ አንደኛ ክፍል ነው፣ ገና አምስት ዓመት ከኛ ጋር ነው።

ሚኒ ሚዲያችንም ይመስገን። የለገሱትን ስም ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ያነቡ ነበር። "የአባቴ ስም ተዘሏል" ብሎ ያለቀሰ ልጅ ስለነበረ በዚህ አጋጣሚ አባቱን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ፈተናው ሰኔ ላይ በሰላም ተሰጠ። የወላጆች በዓልንም በአዲሱ ጣሪያ ስር አከበርን። ርዕሰ መምህራችን ንግግራቸውን ሲጀምሩ ዝናቡ ወረደ። 28 ጌጅ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲመታ ሌላ ነገር አይሰማም። ምን እንዳሉ እስካሁን የሚያውቅ የለም። አንድ ጠብታ ግን አልገባም። ሁላችንም አንጋጠን ጣሪያውን ስናይ ቆየን።

ድንኳኑን መልሰናል። አንድ ልጅ ኳስ ሊያወርድ ወጥቶ ቀዶት ነበር፣ አልደበቅንም። አንድ ሸማኔ አባት ቀዳዳውን በቀይና በአረንጓዴ ጥበብ ጠገኑት። ሊቀመንበሩ እያገላበጡ አዩና "ለቅሶ ቤት ጥበብ?" አሉ። ቀጥለው ግን "በቃ ይሁን" ብለው አስገቡት።

በመጨረሻ፦ ግቢያችን ውስጥ አንድ የእንጨት መሰላል፣ ሁለት መዶሻና አንድ የግራ እግር ቦቲ ጫማ ቀርተዋል። ባለቤቶቹ እባካችሁ መጥታችሁ ውሰዱ። ጋሼ ዘበኛ ቤት ውስጥ አስቀምጠውላችኋል፣ አሁን ቦታ አለ።