የታላቅየው ቁልፍ

ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? እናትህስ እንዴት ናቸው? ካወራን ዓመት ሊሞላ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ለወንድምህ ለቅሶ አልደረስኩም፤ እግዜር ያጥናህ እንኳን አላልኩህም። መንገዱ ነው አልልህም፣ ከጎንደር ባሕር ዳር ስንት ነውና። ፈርቼ ነው። ከዚያ ቀኑ በገፋ ቁጥር ኀፍረቱ ባሰብኝ።

አሁን ያስጻፈኝ አንድ ጌም ነው። ቆይ አትሳቅ፣ ስማኝ።

«ብራዘርስ» ይባላል፤ በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ነው። ያሠራው ጆሴፍ ፋሬስ ሊባኖስ ተወልዶ ስዊድን ያደገ የፊልም ሰው ነው። ሁለት ወንድማማቾች ለታመመ አባታቸው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣሉ። ጉዱ ያለው አጨዋወቱ ላይ ነው። ሁለቱንም አንተው ነህ የምታንቀሳቅሳቸው፣ በአንድ ጆይስቲክ። ታላቅየው በግራ እጅህ፣ ታናሽየው በቀኝህ። መጀመሪያ እጅህ ይምታታብሃል፤ አንዱን በድልድይ ስታሻግር ሌላው ከግድግዳ ጋር ይታገላል። ፒያሳ ጌም ቤት ሳንቲም አጥሮን አንድ ጆይስቲክ ለሁለት የያዝን ጊዜ፣ አንተ መሮጫውን እኔ መምቻውን፣ ትዝ አለህ? ልክ እንደዚያ።

ታናሽየው ውሃ ይፈራል፤ እናታቸው ሰጥማ ነው የሞተችው። ስለዚህ ወንዝ ሲደርሱ ታላቅየው ይዋኛል፣ እሱ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። እዚህ ጋ ጌሙን አቆምኩት። የጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ውሃው ተባርኮ ልጁ ሁሉ ሲዘል፣ እኔ ጫፉ ላይ ስንቀጠቀጥ፣ ወንድምህ ነፍሱን ይማረውና «ና፣ እዘልሃለሁ» ያለኝን አስታወስኩ። አንገቱን እንዴት አድርጌ እንደጨመቅኩት! እሱ ግን ዝም ብሎ አሻገረኝ።

ጌሙ መጨረሻ አካባቢ ታላቅየው ይሞታል። አፈር የምታለብሰው አንተው ነህ። ከዚያ በኋላ ግራ እጅህ ሥራ ይፈታል። ጆይስቲኩን ይዘሃል፣ ግን የምታዘው የለም። ልጁ ብቻውን ወንዝ ዳር ይደርሳል። የሱን ቁልፍ ብጫን ብጫን እምቢ አለ። ብዙ ቆየሁ። በኋላ ሳላስበው የግራውን፣ የሟቹን ቁልፍ ተጫንኩት።

ዋኘ።

ማንም እንዲህ አድርግ አላለኝም። ፊልም ቢሆን አይቼ አዝን ነበር፤ ይሄ ግን መጉደሉን ከኔ በፊት ጣቴ ነው ያወቀው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተንሰቀሰቅኩ። ያኔ ያላለቀስኩትን ነው ያለቀስኩት። አንተ እስካሁን ስንት ጊዜ እጅህ ወደሱ ስልክ ሄዶ ይሆን እያልኩ አደርኩ።

ለሙት ዓመቱ ልምጣ? እናትህ በር ላይ ሲያዩኝ ምን እንደምል ገና አላውቅም፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ እንጂ። ሰዉ ሲበተን ደግሞ... ላፕቶፑን ይዤ ብመጣ ደስ ይልህ እንደሆነ እንጃ። ካልፈለግክ አልከፍተውም። ከፈለግክ ግን እንደ ጌም ቤቱ እንካፈለዋለን፣ ግራውን አንተ ትይዛለህ።

ብቻ «ና» ወይም «ቅር» በለኝ።

ያንተው፣
ከጎንደር